የቦርከና ጎርፍ በትናንቱ ዝናብ አይለካ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በደሴ ወይም በኮምቦልቻ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሊሠራ በታሰበ ቁጥር፣ ዝናቡ በአንድ አምስተኛ ቢጨምር ጎርፉም በአንድ አምስተኛ ይጨምራል የሚል ግምት ሲነገር እሰማለሁ። ሃይድሮሎጂ (የዝናብና የወንዝ ውሃ ጥናት) የማስተምርና ኮምቦልቻ ውስጥ ከቦርከና ወንዝ ዳር የምኖር ሰው ስለሆንሁ፣ ይህ ግምት ለሕይወትና ለንብረት አደገኛ መሆኑን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልሁም።

መሬት ከዝናብ አስቀድሞ የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ ወደ ወንዝ የሚወርደው ቅጠሉ ከረጠበ፣ ጉድባው ከሞላና አፈሩ ከጠጣ በኋላ የተረፈው ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት የተቀመረውና ዛሬም የአገራችን መሐንዲሶች የሚገለገሉበት የከርቭ ነምበር ዘዴ ይህንኑ በአኃዝ ያሳያል፤ ዘዴው ለእያንዳንዱ መሬት እስከ 100 የሚደርስ ቁጥር ይሰጣል፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መሬቱ የሚጠጣው ያንሳል፣ ጎርፍ የሚሆነውም ይበዛል። ቁጥሩ 70 በሆነ፣ ደህና ሽፋን ባለው መሬት ላይ በአንድ ቀን 60 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ጎርፍ የሚሆነው 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዝናቡ 72 ሚሊ ሜትር ሲሆን ግን ጎርፉ ወደ 16 ይደርሳል፤ 20 በመቶ የጨመረ ዝናብ ጎርፉን 60 በመቶ ያህል አሳደገው ማለት ነው። ያው መሬት ተመንጥሮ፣ ቆርቆሮና አስፋልት ለብሶ ቁጥሩ 85 ቢደርስ፣ ያው 60 ሚሊ ሜትር ዝናብ 27 ሚሊ ሜትር ጎርፍ ያወርዳል። ከጦሳ ተራራ ግርጌ ጀምሮ ቤት እንዴት እየተሠራ እንደመጣ ያየ ሰው ይህን ስሌት በቀላሉ የሚያልፈው አይመስለኝም።

የአየር ንብረት ለውጥ በዚህ ላይ ይደረባል። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው እንፋሎት በ7 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ዶፉ ይበረታል፤ በአንጻሩ ትነቱም ስለሚያይል፣ በክረምት ድልድይ የሚያስፈራራው ወንዝ በበጋ ከጨፋ ረግረግ ግጦሽ ለሚጠብቁት አርብቶ አደሮች ሊሳሳባቸው ይችላል። ከዝናብ ተነሥቶ የወንዙን ፍሰት የሚያሰላ ሞዴል ሁለቱንም መግለጽ አለበት። የሃይድሮሎጂ ተመራማሪው ቪት ክሌሜሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረበው ፈተና እዚህ ላይ ይጠቅመናል፦ ሞዴሉ በእርጥብ ዓመታት መረጃ ከተስተካከለ በኋላ በደረቅ ዓመታት ይፈተን፣ በደረቁ የተስተካከለውም በእርጥቡ ይፈተን። ይህን ፈተና ያላለፈ ሞዴል ያለፈውን ዘመን አስመስሎ ቢያሳይም፣ ለሚመጣው ዘመን እምነት አይጣልበትም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መረጃው ራሱ ነው። በብዙ ወንዞቻችን ላይ የውሃ ከፍታ የሚነበበው ዳር ከተተከለው ባለ ቁጥር ሰሌዳ ላይ፣ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ነው። ሐምሌ ውስጥ፣ መሬቱ ውሃ ከጠገበ በኋላ፣ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ተራራው ላይ የጣለ ዶፍ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ሲወርድ፣ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ አልፎ አንባቢው ማታ ሰሌዳው ዘንድ እስኪደርስ ውሃው ጎድሎ ይጠብቀዋል። በሰሌዳው ላይ የቀረው ከቁጥሮቹ በላይ የተለጠፈ ጭቃ ብቻ ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን የጭቃው ከፍታ አይሰፍርም። እንዲህ ባለ መዝገብ የተስተካከለ ሞዴል የጎርፉን ጫፍ አሳንሶ ማስላቱ አይቀርም፤ በዚያ ስሌት የሚሠራው ቱቦም ይጠባል።

ስለዚህ ጉዳዩ የሚመለከታቸው አካላት በጦሳና በኮምቦልቻ ሜዳ የሰዓት ዝናብ የሚመዘግቡ፣ በቦርከናና በገባሮቹም ላይ የውሃ ከፍታን ሳያቋርጡ የሚመዘግቡ አውቶማቲክ መሣሪያዎች እንዲተክሉ፣ መዝገቡም ለተማሪና ለተመራማሪ ክፍት እንዲሆን እጠይቃለሁ። እስከዚያው ድረስ፣ ለሰሌዳ አንባቢዎቹ ከእያንዳንዱ ደራሽ ጎርፍ በኋላ የጭቃውን ምልክት ከፍታና የደረሰበትን ሰዓት እንዲጽፉ መመሪያ ቢሰጣቸው ከዚህ ክረምት ጀምሮ ሊፈጸም የሚችል ነው።

ከአክብሮት ጋር
የውሃ ምህንድስና መምህር፣ ከኮምቦልቻ