ወንዙ የት ነው? የምህንድስና ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ባለፈው ዓመት በዚህ መጽሔት የክበባት ገጽ ላይ ለምህንድስና ክበብ የተሰጠው ቦታ አራት መስመር ነበር፤ እሱም «ክበቡ በዓመቱ ውስጥ ልዩ ልዩ እንቅስቃሴዎችን አድርጓል» ከማለት የሚያልፍ ቁም ነገር አልነበረውም። ይህን የማነሣው ለቅሬታ አይደለም፤ ያን ጊዜ ከዚያ በላይ የሚያስጽፍ ሥራ እንዳልነበረን አስተባባሪው እኔው አውቃለሁ። ዘንድሮ ግን ነገሩ የተለየ ስለሆነ አዘጋጆቹን ሰፋ ያለ ቦታ ለምኛለሁ። ዓመቱን ሙሉ «እነዚያ ልጆች ከፈረንጅ ጋር በስልክ እያወሩ ምንድን ነው የሚሠሩት?» ሲሉ ለነበሩ ባልደረቦቼና ወላጆችም ይህ ጽሑፍ መልስ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የተጀመረው በመስከረም መጨረሻ ነው። ከትምህርት ቤታችን ወጥቶ ዛሬ ስዊድን አገር ምህንድስና የሚማር አንድ የቀድሞ ተማሪያችን፣ በሚማርበት ተቋም ያሉ አንዲት መምህርትና ስምንት ተማሪዎች ከኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር አንድ ሥራ ከመነሻው እስከ መጨረሻው አብረው መሥራት እንደሚፈልጉ ጻፈልን። ኮምፒውተር ሊልኩልንም ሆነ ቤተ ሙከራ ሊያሠሩልን ቃል አልገቡም፤ ይህንንም ከጅምሩ በግልጽ ነግረውናል። ርእሰ መምህራችን ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ትንሽ እንደ ቀዘቀዘ አልደብቅም፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

የሚከተሉት የማስተማሪያ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ከሦስት የስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች፣ ማለትም ከቻልመርስ፣ ከሊንሾፒንግና በስቶክሆልም ከሚገኘው ንጉሣዊ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር ሆኖ የጀመረው ነው። መነሻው ተመራቂዎች ሒሳቡን አሳምረው ይሠራሉ፣ ሥራ ቦታ ሲደርሱ ግን አንድን ነገር ፈጽሞ ማስረከብ ይቸግራቸዋል የሚለው የአሠሪዎች ወቀሳ ነበር። ዘዴው በአራት ቃላት የሚጠቃለል ሲሆን፣ እኛም ማሰብ፣ መንደፍ፣ መሥራት፣ ሥራ ላይ ማቆየት ብለን ተርጉመን በክበቡ ደብተር ሽፋን ላይ ጻፍናቸው። እውነቱን ለመናገር በትምህርት ቤታችን የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በመጠኑ እናውቃቸዋለን፤ አራተኛውን ግን አናውቀውም። የሁለት ዓመት በፊቱን የሳይንስ ኤግዚቢሽን የሚያስታውስ ሰው በእግር ሲረገጥ ውሃ የሚያወርደውን የእጅ መታጠቢያ አይረሳውም። ተጨበጨበለት፣ የምስክር ወረቀት ተሰጠው፣ ዛሬ በንብረት ክፍሉ ውስጥ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች ተጭነውበት ይገኛል።

ለድሬዳዋ ሰው የውጭ መሐንዲስ ብርቅ አይደለም። ከተማችን ራሷ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ የባቡሩ ወርክሾፕም ለብዙ አሥርት ዓመታት የብዙ ድሬ ልጆች የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነበር። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ከእኛ የሚርቀው የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ1952 ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት ሲቋቋም በስሙ ውስጥ ከእርሻው ጎን «የመካኒክ ጥበባት» የሚል ነበረበት። ስዊድኖቹም ቢሆኑ አዲስ አይደሉም፤ በአዲስ አበባ የሕንፃ ኮሌጅ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1954 ከእነርሱ ጋር የተመሠረተ ነው። እንግዲህ ትብብሩ የቆየ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነበር፤ ይኸውም ጥያቄውን የሚያመጣው ማን ነው የሚለው ነው። ጥያቄው ከእነርሱ መጥቶ እኛ መልስ ሰጪ ብቻ ከሆንን ልጆቼ የሚማሩት መታዘዝን ነው ብዬ ሠግቼ ነበር፤ ስለዚህም ርእሱን እኛ እንምረጥ ብለን ጠየቅን፣ ተስማሙ። ልጆቹም ብዙ ሳይከራከሩ ከተማችንን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ መረጡ።

ስብሰባዎቻችንን በአጭሩ ላልፋቸው። በየሳምንቱ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተሰብስበናል፤ በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ በእኔ ስልክና በእኔ የዳታ ጥቅል ከስዊድኖቹ ጋር ተነጋግረናል። የመጀመሪያው ቀጠሮ ከሽፏል፤ እኛ «9 ሰዓት» ብለን ከሰዓት በኋላውን ስንጽፍላቸው እነርሱ ከጠዋቱ ዘጠኝ ሰዓት መስሏቸው ጠብቀው ጠብቀው ሄደዋል። በመጋቢት መጨረሻ እነርሱ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ሲያደርጉ ደግሞ እኛ አረፈድን። ይኸው ነው።

የምጽፍበት ዋናው ነገር በጥር ወር የሆነው ነው። መምህርቷ ለስድስት ቀናት ድሬዳዋ መጡ፤ ተማሪዎቻቸው ያዘጋጁትንም ንድፍ ይዘው ነበር። ንድፉ በድልድይ ላይ ተሰቅሎ ድምፅ ወደ ታች የሚልክ፣ ድምፁ ከውሃው ገጽ ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ በመለካት የውሃውን ከፍታ የሚያውቅ መሣሪያ ነው። ሥዕሉ እጅግ የሚያምር ነበር። ቅዳሜ ማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ አሥራ አራት ተማሪዎችን ይዤ ከከዚራ በኩል ወደ ደቻቱ ወረድን። ከድልድዩ በታች አሸዋው ላይ ትንንሽ ልጆች በድንጋይ ጎል ሠርተው ኳስ ይጫወታሉ፤ ፈንጠር ብሎ ፍየሎች፣ ከዚያም አልፎ አሸዋ የሚጭን ጋሪ ይታያል። መምህርቷ ወዲያና ወዲህ ተመልክተው «ወንዙ የት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ተማሪዎቼ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛው በትሕትና «የቆሙበት ነው» አላቸው።

ደቻቱ በአብዛኛው የዓመቱ ቀናት ደረቅ መሆኑን፣ ዝናቡ በደቡብ በኩል ባሉት ደጋዎች ጥሎ እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፉ ሊደርስ እንደሚችል፣ ሲመጣም አሸዋና ቋጥኝ ጠርጎ እንደሚመጣ ለእኛ ማንም አይነግረንም፤ ስለዚህም ለእነርሱ መንገር እንዳለብን ማናችንም አላሰብንም። ሦስት ወር ሙሉ ስንነጋገር እኛ «ወንዝ» ስንል ይህን፣ እነርሱ «ወንዝ» ሲሉ ያንን ያስቡ ነበር። ያ ውብ መሣሪያ ድልድያችን ላይ ቢሰቀል የሚለካው አሸዋ፣ ፍየልና ኳስ ተጫዋች ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ከዕቅዳችን ውጭ ነው። ከተማሪዎቹ መካከል በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማላውቃት አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ «አያቴ እዚሁ ቅርብ ናቸው፣ የ98ቱን ጎርፍ ያውቃሉ» አለችኝ። ቀፊራ ገበያ ቅመም የሚሸጡ ሴት ናቸው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሌሊት የመጣው ያ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን እንደ ወሰደብን አንባቢ ያውቃል፤ ከተማሪዎቼ አንዱም ያኔ አልተወለደም። እማማ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው በኦሮምኛ ተናገሩ፣ ልጅቷ ወደ አማርኛ መለሰችው፣ እኔም ለእንግዳችን ወደ እንግሊዝኛ አሻገርኩት። «መጀመሪያ የመጣው ውሃ አይደለም፣ ድምፅ ነው። ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋጭ መሬቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ባቡር የመጣ መሰለን፤ ግን በዚያ ሰዓት ባቡር የለም።» ልጅቷ ይህን ተርጉማ ስትጨርስ ዝም አለች፤ ከዚያም ለማንም ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር ሆና «ውሃውን እስክንለካ ከጠበቅንማ ዘግይተናል፤ ማዳመጥ ያለብን ድንጋዩን ነው» አለች።

ተርጉሜ ስነግራቸው መምህርቷ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያም ያንን ያማረ ሥዕል ከቦርሳቸው አውጥተው በእርሳስ ከጥግ እስከ ጥግ አሰመሩበት፣ ጀርባውንም ገልብጠው ለልጅቷ ሰጧትና «እንግዲህ እዚህ ላይ ሣይ» አሏት። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ከተማሪዬ እጅ እርሳስ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በኋላ እንደ ተረዳነው ልጅቷ ያሰበችው ነገር በዓለም ላይ የሚሠራበት ነው። በስዊዘርላንድ ተራሮች ድንጋይ አዝሎ የሚወርደውን ጎርፍ የሚያደምጡት መሬት ውስጥ በሚቀበሩ ጂኦፎን በሚባሉ መሣሪያዎች ነው። በውስጣቸው ማግኔትና የሽቦ ጥቅል አለ፤ መሬቱ ሲነቃነቅ አንደኛው ከሌላኛው አንጻር ይንቀሳቀሳል፣ በሽቦውም ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ግፊት ይፈጠራል። ዋጋቸው ለእኛ የሚቀመስ አልነበረም። ነገር ግን ስፒከርም ማግኔትና የሽቦ ጥቅል አይደለምን? ልጆቹ አሸዋ ገበያ ወርደው ከተበላሸ ቴፕ የወጣ ስፒከር ገዙ፤ ወረቀቱ መካከል ላይ አንድ ከባድ ዳዶ በሙጫ ለጠፉበት፣ በባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ አስገብተው አፉን በሻማ ሰም ደፈኑት። ጣሳውን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ አሸዋ ውስጥ ቀብረን በአምስት፣ በአሥርና በሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ድንጋይ እየጣልን ሞከርነው። ማግኔትና የሽቦ ጥቅል ሲነቃነቁ ኤሌክትሪክ መፈጠሩን በሚያስረዳው በፋራዴይ ሕግ ፈተና ላይ ከሃያው አራት ብቻ ያመጣ አንድ ልጅ በኮምፒውተሩ ላይ መስመሩ ብድግ ሲል አይቶ «ቲቸር፣ ያ ቀመር ይሄ ነው እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ ያ ቀመር ይህ ነው።

ከዚያ ባጃጆች መጡብን። በቦዩ አጠገብ ባለው መንገድ ባለፉ ቁጥር ከጣሳው ጋር ያገናኘነው ደወል ይጮሃል፤ በሁለት ቀን ውስጥ የጥበቃ ሠራተኛችን «ወይ እኔ ወይ ይህ ጣሳ» ብለው ነበር። ስዊድኖቹ ንዝረቱን በፍጥነቱ ለይቶ የማጣሪያ ብዙ ሒሳብ ላኩልን። ልጆቻችን ደግሞ ባጃጅ እንደሆነ ወዲያው ያልፋል፣ ጎርፍ ግን አያልፍም በማለት ንዝረቱ ሃያ ሰከንድ ሳይቋረጥ ካልቆየ ደወሉ እንዳይጮህ አደረጉ። የእኛው ዘዴ ቀላሉ ሆኖ ተገኘ። የመምህርቷ ተቋምም ይህንኑ ጥያቄ፣ ደረቅ ወንዙንም ባጃጁንም ጨምሮ፣ ለራሱ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የቡድን ሥራ አድርጎ ሰጥቶታል፤ ይህን በትንሹ ብኮራበት ይፈቀድልኛል ብዬ አምናለሁ።

ሥራውን ለመላው ትምህርት ቤት ያቀረብነው የካቲት 25 ቀን፣ ዩኔስኮ የዓለም የምህንድስና ቀን ሆኖ እንዲከበር በወሰነው ዕለት ነው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ከአዳራሹ የኋላ ረድፍ የተቀመጡት ብዙም አላዩም። በዚያው ቀን አንድ ወላጅ «ይህ ትብብር ለልጄ ውጭ አገር መውጫ ይሆናታል ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። አይሆናትም። የምህንድስና ዲግሪ በአገሮች መካከል የሚታወቅበት ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ስድስት አገሮች የጀመሩትና ደቡብ አፍሪካ በ1999 የገባችበት የዋሽንግተን ስምምነት የሚባለው ሲሆን፣ እሱ የዩኒቨርሲቲዎችና የየአገሩ የምህንድስና ትምህርት ዕውቅና ሰጪ አካላት ጉዳይ ነው። የእኛ ሥራ ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የምትጠይቀው ጥያቄ ይዛ እንድትገባ ነው።

ያልተሳካልንን አልደብቅም። በዓመቱ መጀመሪያ ሃያ ሦስት የነበርነው አሥራ አራት ሆነን ጨርሰናል፤ አብዛኞቹ የወጡት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለሆኑ አልፈርድባቸውም። ስዊድኖቹ በታኅሣሥ የላኩልን የጫማ ካርቶን የምታህል የመለዋወጫ እሽግ እስከ ግንቦት ድረስ ተይዛ ቆይታለች፣ የተጠየቀው ቀረጥም ከዕቃው ዋጋ በልጦ ነበር። መሣሪያውን በራሱ በደቻቱ ላይ ለመትከል ያስገባነው የፈቃድ ደብዳቤ ደግሞ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲንከባለል ዓመቱ አልቋል። ስፒከሩ ከገበያ በአንድ ቀን የተገኘበት ከተማ ውስጥ ማኅተም በስምንት ወር አለመገኘቱ ይገርመኛል።

ከሁሉ የባሰው ግን የራሳችን ጥፋት ነው። በሚያዝያ አንድ ማታ ዝናብ ጥሎ በትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ቦይ ጎርፍ ወረደ፤ ደወሉ አልጮኸም። በማግስቱ ስናየው ባትሪው ባዶ ነው፤ ቻርጀሩን የጥበቃ ሠራተኛችን ለስልካቸው ወስደውት ኖሯል፣ እኛም ለሁለት ሳምንት ማንም ዞር ብሎ አላየውም። በደብተራችን ሽፋን ላይ ያለው አራተኛው ቃል ያን ቀን አፈጠጠብን። ልጆቹ ቅር ብሏቸው ነበር፤ ያም ሆኖ በማግስቱ የተረኛ ዝርዝር አውጥተው በጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፉ፣ ገንዘብም አዋጥተው ለጥበቃው የራሳቸውን ቻርጀር ገዙላቸው። በግንቦት ቦዩ እንደገና ሲወርድ ደወሉ ጮኸ። ጎርፉ ከመድረሱ ምን ያህል ቀድሞ እንደ ጮኸ ጥበቃውን ስንጠይቃቸው ሰዓት አለማየታቸውን ነግረውን «ሻይዬን ሳልጨርስ ውሃው መጣ» አሉን። ልጆቹ በደብተሩ ላይ ይህንኑ እንዳለ ጽፈዋል፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ግን አንድ የግድግዳ ሰዓት ሰቅለንላቸዋል።

ከትምህርት ቤቱ አስተዳደርና ከወላጆች ኮሚቴ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በንብረት ክፍሉ የታጨቁት የተሰበሩ ወንበሮች ተወግደው ክፍሉ ለክበቡ ቢሰጠን፣ የእጅ መታጠቢያውንም ከዚያው አውጥተን እንጠግነዋለን። የኢንተርኔቱ ወጪ ከአንድ መምህር ኪስ መውጣቱ ቢቀርልን። የፈቃዱን ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ ስም የሚከታተል አንድ ሰው ቢመደብልን። ከሁሉም አስቸኳዩ ግን ሌላ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፣ ጎርፉ በብዛት የሚመጣው ደግሞ በእነዚሁ ወራት ነው። ባትሪው በየሦስት ቀኑ ቻርጅ መደረግ አለበት፤ ለክረምቱ ተረኛ የሆኑ ዘጠኝ ተማሪዎች ስማቸውን ጽፈው ፈርመዋል፣ የጀርባው በር ቁልፍ ግን እስካሁን አልተሰጠንም።