ከየካ አባዶ ለአብሮ አደጌ

ውድ አብሮ አደጌ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ አደጉልሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከተጠፋፋን ቆየን አይደል? አንቺ ሐዋሳ፣ እኔ ደግሞ ከተማው ጥግ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም። ኑሮ ሁለታችንንም ወጥሮ ያዘን። ሰፈሩን ብታዪው ትወጂዋለሽ። ነፋሱ ይበርዳል፣ የታክሲ ሰልፉ አይጣል ነው፤ ግን ከብሎካችን ጀርባ ገና ከብት የሚሰማራበት ሜዳ አለ።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ጌም ነው። አዎ፣ አሁንም እጫወታለሁ! ያገለገለ ፕሌስቴሽን ፎር ገዝቻለሁ። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ጆይስቲኩን አነሳለሁ፤ ያኔ ሁሌ ትዝ ትይኛለሽ።

የሰፈራችን ጌም ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን የቱምብ ሬይደር ጌም ጀግና ላራ ክሮፍትን ሆነን የተጫወትነውን መቼም አትረሺውም። ቱምብ ሬይደር ሁለት ላይ፣ ትሪ ይዞ የሚከተላትን ሽማግሌ አሳላፊ ማቀዝቀዣ ክፍል አስገብተሽ በሩን ስትዘጊበት ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከባድ ቦታ ላይ ስንደርስ ግን ልጆቹ «አምጪ፣ እኔ ላሳልፍልሽ» እያሉ ከእጅሽ ሊቀሙሽ ይሞክሩ ነበር። አንቺ ፍንክች አትዪም። የምትዘለው ሴት፣ የምትተኩሰው ሴት፣ ጆይስቲኩን ግን ወንድ ይያዘው! ያኔም ያናድደኝ ነበር፣ ዛሬም ያናድደኛል።

ላራ በፈረንጆቹ 1996 ስትመጣ ትልቅ ነገር ነበረች። በ1986 የወጣው ሜትሮይድ የሚባል ጌም እኮ ጀግናው ሴት መሆኗን ደብቆ ነው የሚያጫውትሽ፤ ቶሎ ከጨረስሽ ብቻ መጨረሻ ላይ ትገለጥልሻለች። ላራ ግን ከመጀመሪያው በግልጽ ሴት ናት። ያም ሆኖ ወሬው ሁሉ ስለ ሰውነቷ ነበር። ምን እንደምትፈራ፣ ምን እንደጎደላት ብዙም አናውቅም። እኔ ደግሞ ማወቅ የምፈልገው እሱን ነበር።

እሱን ያገኘሁት ሆራይዘን ዜሮ ዶውን ላይ ነው። ጌሪላ ጌምስ የሚባል የሆላንድ ኩባንያ ሠርቶት በ2017 ወጣ። ጀግናዋ አሎይ ትባላለች። ያደገችበት አካባቢ ያለው ጎሳ ኖራ ይባላል፣ የሚመሩት እናቶች ናቸው። የአሎይ እናት ደግሞ አትታወቅም። በዚህ ብቻ ገና በሕፃንነቷ ከጎሳው ተገለለች። ያሳደጋት ሮስት የሚባል፣ እንደሷ የተገለለ ሰው ነው። ልጆች ድንጋይ ይወረውሩባታል። «የማን ልጅ ነሽ?» እየተባልን ላደግን ለኔና ላንቺ ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጌሙን የሚገፋው ወርቅ ወይም ዙፋን ፍለጋ አይደለም፤ «እናቴ ማን ናት?» የሚል ጥያቄ ነው። መልሱን አልነግርሽም፣ ራስሽ ድረሺበት።

አጨዋወቱ ደግሞ! ምድሩን የሞሉት እንስሳ የሚመስሉ ማሽኖች ናቸው። ዋቸር የሚባለው ዓይኑ መብራት ነው። ሰማያዊ ከሆነ አላየሽም፣ ቢጫ ከሆነ ጠርጥሯል፣ ቀይ ከሆነ መጣልሽ። አጎንብሰሽ ረጅም ሣር ውስጥ ትደበቂያለሽ። አሎይ በጉልበት አትችላቸውም። ታያለች፣ ታጠናለች፣ የቱ ጋ ቢመቱ እንደሚጎዱ ለይታ ቀስቷን ትስባለች። ሴቭ የምታደርጊው የእሳት ምድጃ ጋ ስትደርሺ ነው። እዚህ ሰፈር መብራት መቼ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ ሩጫዬ ከእሳት ወደ እሳት ነው።

የጎረቤቴ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ለሱ ጌም ማለት ኳስ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ያየው ቀን «ወንዱን ከየት ነው የምንመርጠው?» አለኝ። «ወንድ የለም፣ እሷ ብቻ ናት» አልኩት። ኩርፍ አለ፤ ግን ተቀመጠ። አሎይ ወደ ጎሳው ለመግባት የምትወዳደርበት ቦታ ስንደርስ ጆይስቲኩን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ «ሩጪ! ሩጪ!» ይላል። አሁን ደረጃ ላይ ባገኘኝ ቁጥር የሚጠይቀኝ «እናቷን አገኘቻት?» ብሎ ነው። ልቤን የሚሞላው ይሄ ነው። እኛ ስንቱን ወንድ ጀግና ሆነን ተጫውተናል፣ ማንንም አልገረመም። እሱም አንዲት ልጅ ሆኖ መፍራት፣ መሮጥ፣ ማሸነፍ ይችላል።

ወንድ ወይም ሴት የሚያስመርጡም አሉ፣ እንደ ማስ ኢፌክትና እንደ አሳሲንስ ክሪድ ኦዲሲ። ኦዲሲ ላይ ካሳንድራን መርጫለሁ፣ በጣም እወዳታለሁ። ግን ታሪኩ ለወንዱም ለሷም በአብዛኛው ያው አንድ ነው። እኔ ከሥሩ ለሷ ተብሎ የተጻፈ ይበልጥብኛል። ሄልብሌድ የሚባለውን ጌም ደግሞ ማታ በኢርፎን ሞክሪው። ጀግናዋ ሴኑዋ ጭንቅላቷ ውስጥ ድምፆች ይሰሟታል፤ በግራ በቀኝ ያንሾካሹኩብሻል፣ ያሾፉብሻል፣ ጠላት ከኋላ ሲመጣም የሚያስጠነቅቁሽ እነሱ ናቸው። ሴኑዋን ሆና የተወነችው ሜሊና ዩርገንስ ጌሙን የሠራው ኩባንያ ቪዲዮ ኤዲተር ነበረች፤ በ2018 ባፍታ የሚባለውን የእንግሊዝ ሽልማት ተሸለመችበት።

ደግሞ «ሴት ጀግና አትሸጥም» ይባል ነበር። ዶንትኖድ የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ሪሜምበር ሚ የሚባለውን ጌም ሲሠራ፣ ጀግናዋ ሴት ስለሆነች አሳታሚዎች እንደመለሱት በ2013 ተናግሯል። ሆራይዘን ዜሮ ዶውን ግን እስከ 2022 ድረስ ከ20 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል።

የሆራይዘን ሁለተኛው ክፍል፣ ፎርቢደን ዌስት፣ በ2022 ወጥቷል። ገዝቼዋለሁ፣ ግን አልከፈትኩትም። ካንቺ ጋር መጀመር ፈልጌ ነው። ለገና አዲስ አበባ ከመጣሽ መገናኛ ወርደሽ ደውይልኝ፣ ቁጥሬ ያው ነው። ልጆቹንም ይዘሻቸው ነይ። ቤት ያለውን ሰው ሁሉ ሰላም በይልኝ።

አብሮ አደግሽ