ክኒኗ ሳትሟሟ

ይድረስ ለሚጡዬ፣

ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብሽ። ምን ብዬ ልጀምር እያልኩ ቆየሁ፤ በቆየሁ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ አፈርኩ። ሰበብ አልደረድርም።

አባባን ፓርኪንሰን ያዘው። ሻይ ሲጠጣ ስኒው ከሳህኑ ጋር ሲንቀጫቀጭ ጓዳ ድረስ ይሰማኛል። ሌቮዶፓ ይወስዳል። መድኃኒቱ ሥራ እስኪጀምር ግማሽ ሰዓት ገደማ እንደሚፈጅ አንቺ ፋርማሲስቷ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። አባባ ግን ክኒኗን ውጦ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስኒው ጸጥ ይላል። መጀመሪያ ሲያስመስል መስሎኝ ተናድጄበት ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። በ2001 እ.ኤ.አ. ቫንኩቨር ውስጥ ለፓርኪንሰን ሕመምተኞች መድኃኒት የሌለበት መርፌ ወግተው አንጎላቸውን ውስጡ የሚሆነውን በሚያሳይ የምስል ምርመራ፣ በፔት ስካን ሲያዩ፣ ዶፓሚን ተለቆ አገኙ። እንቅስቃሴን የሚያግዘውን፣ በሽታው የሚያሳጣቸውን ያንኑ ኬሚካል! «መርፌ ካልተወጋሁ ታከምኩ አልልም» ይል የነበረው አባባ ትዝ አለኝና ሳቅኩ። በ2010 እዚያው ከተማ ሌላ ነገር ሞከሩ። ለሁሉም የሰጡት ባዶውን ነው፤ ትክክለኛውን የማግኘት ዕድላችሁ ይህን ያህል ነው እያሉ ግን ለየቡድኑ የተለያየ ቁጥር ነገሩ። ዶፓሚኑ ጎልቶ የታየው 75 በመቶ የተባሉት ላይ ነው። መቶ በመቶ የተባሉት ላይ አይደለም! ለካ ትንሽ ጥርጣሬ ያለበት ተስፋ ነው የሚሠራው።

በጣም የገረመኝ ግን በ2014 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ነው። የፓርኪንሰን ሕመምተኞች ከሥዕላዊ ምልክቶች መሀል እየመረጡ የቱ ገንዘብ እንደሚያስገኝ በልምድ መለየት ነበረባቸው። መድኃኒት መስሏቸው የውሸቱን ሲወስዱም ከሽልማት የመማር ችሎታቸው ተሻሻለ፣ ልክ እንደ እውነተኛው። ከኪሳራ መማር ላይ ግን ለውጥ የለም።

የአባባም ነገር ይኸው መሰለኝ። ክኒኗ ስትመጣ እፎይታው ይከተላል፤ አንጎሉ ይህን ለምዶ ቀድሞ ይጠብቃል። በሽታው ግን በተስፋ አይድንም። ባለፈው መድኃኒቱ ከየፋርማሲው ጠፍቶ ወንድሜ «ቫይታሚን ሰጥተነው ዝም እንበል» ሲል እምቢ አልኩ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? እጁ ለምን ቶሎ እንደሚረጋስ ልንገረው? ካወቀ ቢቀርበትስ?

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ክኒኗን ልስጠው። ገና ማሸጊያው ሲንኮሻኮሽ ሰምቶ ቀና ብሏል።

ያንቺው