ጃንጥላው ቁልቢ የገባ ዕለት

አዲስ አበባ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለሰናይት፣

እንደምን ከርመሻል? ልጅሽ፣ ባለቤትሽ፣ እናትሽ ደህና ናቸው? ድሬ አሁን ሙቀቱ በረድ የሚልበት ጊዜ ስለሆነ፣ ማታ ማታ ደጅ ወንበር አውጥታችሁ ስትጫወቱ ይታየኛል።

ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቂዋለሽ። «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ነው የሚባለው። ሦስት ጊዜ ጽፌው ሦስት ጊዜ ወረቀቱን ቀደድኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትደውይ ያላነሳሁት፣ መልእክትሽን አንብቤ ዝም ያልኩት፣ ይችን ቃል ደግሜ ላንቺ መዋሸት ስላቃተኝ ነው። ሰኒዬ፣ ያ ሕመም፣ ኢንዶሜትሪዮሲሱ፣ ተመልሷል። ሰሞኑን እንዳይመስልሽ፤ ከተመለሰ ሁለት ዓመት አልፎታል።

መጀመሪያ የተሰማኝ ኅዳር 2015 ነው። ለዚሁ ሕመም ኦፕራሲዮን ከሆንኩ 14 ወር ሞልቶኝ ነበር። ወገቤን በግራ በኩል ያዝ አደረገኝና ብርድ ነው አልኩ። ማታውን የወር አበባዬ መጣ። ያን ሕመም መቼም አልስተውም፤ ከእምብርት በታች ይጀምርና ወደ ታፋ ይወርዳል፣ ከዚያ ፊንጢጣ ድረስ እንደ ወስፌ ይወጋል። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። በወሩ ደግሞ መጣ። ያ ቀን ታኅሣሥ 19 ነበር።

የቱ ታኅሣሥ 19 እንደሆነ ሳልነግርሽ ታውቂዋለሽ። ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ወጥቼ፣ ወጥ ቤት ወለሉ ላይ ተጋድሜአለሁ። ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ትኩስ ውሃ ሞልቼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ሆዴ ላይ አድርጌዋለሁ። ውሃው በጣም ፈልቶ ስለነበር ፕላስቲኩ እየተኮማተረ ይንጫጫል። ስልኬ ጮኸ፤ አንቺ ነሽ። ከኋላሽ ከበሮው፣ እልልታው፣ የሕዝቡ ሁካታ። «ሂሩቴ! አስገባሁልሽ! ጃንጥላውን አሁን አስረከብኩ! ገብርኤል ሰምቶናል!» እያልሽ ታለቅሻለሽ። ኦፕራሲዮን ክፍል ስገባ በሩ ላይ ቆመሽ የተሳልሽውን ስለት፣ ከደመወዝሽ ቆጥበሽ፣ ዘርፉ ወርቃማ የሆነውን ቀይ ጃንጥላ ገዝተሽ ቁልቢ ድረስ ይዘሽ ወጥተሻል። እኔ ጥርሴን ነክሼ «እሰይ፣ እሰይ የኔ እህት» አልኩሽ። ሌላ ምን ልበልሽ? ስልኩን ስዘጋ ያለቀስኩት ከሕመሙ ይልቅ ለጃንጥላው ነበር።

ከዚያ በኋላ ድምፅሽን መስማት ፈራሁ። በሰማንያ ቀኗ የልጅሽን ክርስትና የቀረሁት ፈተና ይዞኝ አልነበረም። አልጋ ላይ ነበርኩ። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ፣ ለልጅሽ የገዛሁትን ነጭ ቀሚስ ከላይ አድርጌ፣ ከበሩ መውጣት አቃተኝ። ቀሚሱ አሁንም ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ። አሁን መቼም ይጠባታል።

በግቢ ዘመናችን ሌሊት ተሸክመሽ ክሊኒክ ያደረስሽኝን እኮ አልረሳሁም። ማስታገሻ፣ ዲክሎፌናክ፣ ይወጉኝና «ጨጓራ ነው» ይሉሻል፤ አንዴ ትርፍ አንጀት ነው ተብሎ ልቀደድ ምንም አልቀረኝ። ከ16 ዓመቴ ጀምሮ ስሙን እስካወቅሁ ድረስ 12 ዓመት ፈጅቷል። ስሙ ሲገኝ፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ ሲባል፣ እኔና አንቺ የተደሰትነው ሌላው ሰው ሎተሪ ሲደርሰው እንደሚደሰተው ነበር። ከግራ እንቁላል ማምረቻዬ ላይ የወጣውን፣ ቸኮሌት የሚመስል ደም የቋጠረውን ከረጢት (ሲስት) ፎቶ ሲያሳዩን «አለቀ» ብለሽ እፎይ አልሽ። ከሆስፒታል ስንወጣም «ተጠርጎ ወጥቷል» ነው የተባልነው። ሊመለስ ይችላል ያለን ሰው አልነበረም። በዚህ እስከዛሬ አዝናለሁ። ብናውቅ ኖሮ ካንቺ አልሸሽም ነበር።

አሁን የምታየኝ ዶክተር ጊዜ ወስዳ አስረዳችኝ። የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስለው ነገር ከማህፀን ውጭ የትም ይለጠፋል፤ ማህፀን ጀርባ፣ አንጀት ላይ፣ ፊኛ ላይ። ቀዶ ሐኪም የሚያወጣው ያየውን ነው። የመርፌ ጫፍ የምታክል ከቀረች፣ እንቁላል ማምረቻዬ በየወሩ የሚያመነጨው ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይቀልባታል። በ5 ዓመት ውስጥ ከ100 ሴቶች ከ40 እስከ 50 በሚሆኑት ላይ እንደሚመለስ የሚናገሩ ጥናቶች አሉ አለችኝ። የበሽታው መድኃኒት፣ ነቅሎ የሚጥለው፣ ገና አልተገኘም። ማህፀን ማውጣትም ቢሆን ሁሉንም አይገላግልም። ይህን ስትነግረኝ እንዳለቅስ ጠብቃ ይመስለኛል ሶፍት አቀረበችልኝ። እኔ ግን ቀለል አለኝ። ያጠፋሁት ነገር አለ ብዬ ነበርና።

ከእሷ በፊት ያሳለፍኩት ይከፋ ነበር። አልትራሳውንድ አነሱኝና «ንጹህ ነው፣ ምንም የለም» አሉኝ። ሕመም እያለሽ ምንም የለም መባል ምን እንደሚመስል አንቺ ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ። ስስ ሆኖ የተለጠፈው በአልትራሳውንድ እንደማይታይ ያወቅሁት በኋላ ነው። ደግሞም ይኼን ያህል ዓመት ሕመም የለመደ ነርቭ፣ ቁስሉ ቢወጣለትም ቶሎ አይረሳም። ዳሌ ውስጥ ያሉት ጡንቻዎችም እየፈሩ ይጨማደዳሉ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ምንጣፍ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጉልበቶቼን ወደ ደረቴ ስቤ፣ እስከ ሆዴ ድረስ እተነፍሳለሁ። መጀመሪያ ምን ይጠቅማል ብዬ ነበር፤ አሁን ካልሠራሁ ቀኑ ይታወቀኛል።

ዋናው ሕክምናዬ የሆርሞን ኪኒን ነው። ዳይኖጀስት 2 ሚሊ ግራም፣ ማታ 2 ሰዓት፣ በየቀኑ። አንዳንዴ ከፋርማሲ ይጠፋና ከፒያሳ እስከ መገናኛ እዞራለሁ። የወር አበባዬን አቁሞታል፤ የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት ግን ጠብ ጠብ እያለ አላቋረጠም። ዐቢይ ጾምን ሙሉ ከቅጽሩ ውጭ፣ ከግንቡ ሥር ቆሜ ነው ያስቀደስኩት። ዝናብ የመታኝ ቀን ነበር። የንስሐ አባቴን አማክሬያቸው «ልጄ፣ እሱ ከግንብ ውጭም ይሰማል» አሉኝ። አሁን ሕመሙ በወር ከአሥር ቀን ወደ ሦስት አራት ቀን ወርዶልኛል። እነዚያ ቀኖች ግን አሁንም እነዚያው ናቸው።

ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ግራ እጄን ሆዴ ላይ እጫናለሁ፤ ማንም የሚያይ አይመስለኝም ነበር። አንድ ቀን ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ተነሥታ ወንበሬን ከጠረጴዛው ጎትታ ሰሌዳው ሥር አስቀመጠችልኝና ተመልሳ ተቀመጠች። ቃል አልተናገረችም። ከክፍል ስንወጣ ጠራኋትና «አንቺንም ያምሻል እንዴ?» አልኳት። አንገቷን ደፋች። በመውለድ ዕድሜ ካለን ከ10 ሴት አንዷ ገደማ፣ በዓለም ወደ 190 ሚሊዮን እንሆናለን ይላል የዓለም ጤና ድርጅት። እኔ ግን ያን ቁጥር ያመንኩት የዚያችን ልጅ አንገት ሳይ ነው። እናቷን አስጠርቼ አነጋገርኳት። 12 ዓመት እንዳትጠብቅ።

እማዬን ደግሞ ልንገርሽ። «ስትወልጂ ይተውሻል» ማለቷን አልተወችም ነበር፤ መውለድም እንደማያድነው ደጋግሜ ብነግራትም። አንድ ሌሊት ጠርሙሱን እያሞቀችልኝ፣ ፊቷን ወደ ምድጃው እንዳዞረች፣ «እኔም እኮ ልጅ እያለሁ እንዲህ ነበርኩ» አለችኝ። «ከጎተራው ጀርባ ተኝቼ ነጠላዬን ነክሼ ነበር የማሳልፈው። ለማን ይነገራል?» በዚህ ሁሉ ዓመት አንዴም አላነሳችውም። ከእናት ወደ ልጅ ሊሄድ የሚችል ነገር እንደሆነ ዶክተሯ ነግራኝ ስለነበር አልገረመኝም፤ ግን አቅፌያት እስኪነጋ አለቀቅኋትም። ያን ሌሊት ነው ላንቺ ለመጻፍ የወሰንኩት። እኔም ከጎተራው ጀርባ ተኝቼብሻለሁና።

ስለቱ ባከነ ብለሽ እንዳታስቢ እለምንሻለሁ። 14 ወር ሙሉ ሕመም የማይቀሰቅሰኝ ጠዋት ነበረኝ። በዚያ ጊዜ ላሊበላ ሄጄ ገናን አከበርኩ፣ ማስተርሴን ጨረስኩ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሼ ሰርግ ሄድኩ። ያ ሁሉ ያንቺ ነው። ጃንጥላው ቁልቢ መግባቱ ልክ ነበር፤ ልክ ያልነበረው የኔ ዝምታ ነው። ይቅር በይኝ።

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ሲያልቅ አንድ ሳምንት ዕረፍት አለኝ። ከፈቀድሽልኝ በባቡር እመጣለሁ። ለልጅሽ ሌላ ቀሚስ እገዛለሁ፤ ቁመቷን ጻፊልኝ። ምናልባት መንገዱ ያስነሣብኝ ይሆናል፤ እንደ ደረስኩ ሶፋሽ ላይ ጥቅልል ብዬ ብተኛ አትደንግጪ፣ ሐኪም ቤትም አትውሰጂኝ። ጠርሙሱን ይዤ እመጣለሁ፤ አንቺ ውሃ ብቻ ጣጂልኝ።

ያንቺው ሂሩት