እማዬ፣ መስሚያሽ ከመሳቢያ ይውጣ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ፊደሉን ያተለቅኩት ዓይንሽን እንዳያደክምሽ ነው፤ ሲሰለችሽ ልጆቹ ያንብቡልሽ።

በስልክ «የግራ ጆሮ መስሚያዬ ሞቷል፣ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ» አልሽኝ። እማዬ፣ ይሄ ዕቃ እንዲህ በቀላሉ አይሞትም። ድሬ ላይ ሞተ የሚባለው መስሚያ ብዙ ጊዜ ወይ ኩክ የዘጋው ነው፣ ወይ ላብ የገባበት፣ ወይ ባትሪው ያለቀ። ሦስቱም ከቤት ሳትወጪ የሚፈቱ ናቸው።

ስለዚህ ከመሳቢያው አውጪውና ይህን ሞክሪ። አዲስ ባትሪ አስገቢ፣ የባትሪውን በር ግጥም አድርገሽ ዝጊ፣ ከዚያ መሣሪያውን ድምፅ ወደ ጆሮሽ ከሚወስደው ቱቦ ጋር መዳፍሽ ውስጥ ጨብጪው። ደህና ከሆነ ብዙ ጊዜ ያፏጫል። ፉጨቱ ቀጭን ስለሆነ አንቺ ላትሰሚው ትችያለሽ፣ ከልጆቹ አንዱን አጠገብሽ አቁሚ። ዝም ካለ ቱቦውን ከመንጠቆው ንቀዪው። መንጠቆ የምልሽ ጆሮሽ ላይ የሚንጠለጠለውን ጠንካራ ቆልማማ ፕላስቲክ ነው። አሁን መሣሪያውን ብቻውን ጨብጪው። ካፏጨ መሣሪያው ጤነኛ ነው፤ የተዘጋው ቱቦው ወይም በጆሮሽ ልክ ተሠርቶ ጆሮሽ ውስጥ የሚገባው፣ ባለሙያዎቹ ሞልድ የሚሉት ነው። እሱ በውሃና በሳሙና ይድናል። አሁንም ዝም ካለ ሌላ ባትሪ ሞክሪ፤ እሱም ካልሠራ ያኔ ባለሙያ ይየው።

ቱቦውን በመስኮት በኩል ወደ ብርሃን ይዘሽ እዪው። ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ የውሃ ጠብታ ተጣብቃ ልታገኚ ትችያለሽ። ቱቦው ጠባብ ስለሆነ እሷ ብቻዋን ድምፁን ድርግም አድርጋ ትዘጋዋለች። የምትመጣው ከራስሽ ጆሮ ነው፤ በጆሮ ውስጥ ያለው ሙቅና እርጥብ አየር ወደ ቱቦው ሲወጣ ይቀዘቅዝና ውሃ ይሆናል፣ የድስት ክዳን ላይ እንደሚጠራቀመው። ሐረር ወጥተሽ ስታድሪ የሚብስብሽም ለዚህ ነው፤ እዚያ ማታው ይበርዳል። ቱቦውን ከመሣሪያው ነቅለሽ በምልክልሽ በምትጨመቀው ጎማ፣ የሕፃን አፍንጫ የሚጸዳባትን በመሰለችው፣ ሁለት ሦስቴ አየር ንፊበት። በአፍሽ አትንፊው፣ ትንፋሽም እርጥብ ነው። ቱቦው ሳይነቀል ደግሞ በጎማዋ መንፋት አይሆንም፤ ውሃውን ወደ መሣሪያው ሆድ ትገፊዋለሽ።

እጥበቱን ለቅዳሜ ማታ አድርጊው፣ እሑድ ጠዋት ደርቆ ይጠብቅሻል። የሚታጠበው ሞልዱና ቱቦው ብቻ ነው። መሣሪያው ራሱ ውሃ አይነካውም፣ በእርጥብ ጨርቅም አይጠረግም። ከመንቀልሽ በፊት ልጆቹ በስልክ ፎቶ ያንሱልሽ፣ ስትመልሺ አቅጣጫው ይጠፋብሻልና። በአንድ እጅሽ መንጠቆውን፣ በሌላው ቱቦውን እዚያው መጋጠሚያው ላይ ይዘሽ ቀስ እያልሽ እያሽከረከርሽ ሳቢው። ሞልዱን ይዘሽ ከጎተትሽ ቱቦው ከሞልዱ ይነቀልና ሌላ ጣጣ ይመጣል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትፍቺ፤ አንዱን ጨርሰሽ ወደ ሌላው። ከተቀላቀሉብሽ ምልክቱን እዪ፣ ቀይ የቀኝ፣ ሰማያዊ የግራ ነው። ቀይና ቀኝ ሁለቱም በ«ቀ» ስለሚጀምሩ አይረሳሽም።

በትንሽ ሳህን ለብ ያለ ውሃ አድርጊ፣ ሁለት ጠብታ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሪ፣ ሞልዱን 10 ደቂቃ ያህል ዘፍዝፊው። ለዚሁ ብቻ በምትይዢው ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ዙሪያውን ፈትጊ። ሞልዱ ላይ ሁለት ቀዳዳ ካለ አንደኛው ድምፅ የሚመጣበት ነው፤ ሁለተኛው አየር እንዲተላለፍና ጆሮሽ እንዳይታፈን የተተወ ነው፣ እሱም መጽዳት አለበት። መርፌ አታስገቢበት፤ ኩኩን ገፍቶ ወደ ውስጥ ያጭቀዋል፣ ቀዳዳውንም ይጭረዋል። በረኪና፣ ኦሞ፣ አልኮል፣ የእጅ ሳኒታይዘር፣ እነዚህ ሁሉ አይሆኑም፤ ፕላስቲኩን ያደርቁታል፣ ይሰነጥቁታል። በንጹሕ ውሃ አለቅልቀሽ ቱቦው ውስጥ ጠብታ እስኪጠፋ በጎማዋ ንፊ። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ታውቂው የለ? ቱቦው ውስጥ ውሃ ከተውሽ እዚያም ያንኑ ይሠራል። ከዚያ ንጹሕ ፎጣ ላይ ይደር። ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ በፀጉር ማድረቂያም አይደረቅ።

ጠዋት ስትገጥሚ ፎቶውን እያየሽ ነው። ቱቦው ከተጠማዘዘ ሞልዱ ጆሮሽ ውስጥ አልገጥም ይልሻል፣ ወይ ቱቦው ይታጠፍና ድምፅ ያግዳል።

ቱቦው ራሱ ያረጃል፣ እማዬ። አዲስ ሲሆን እንደ ጎማ ይታጠፋል፣ ሲያረጅ ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። በተለምዶ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይቀየራል፤ እንደ ድሬ ባለ ሙቀት 6 ወር ባትጠብቂ ይሻላል። የተሰነጠቀ ቱቦ ድምፅ ያፈሳል፣ ያፈሰሰው ድምፅ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል፣ ያ ነው ሲያፏጭ የሚውለው። በሱፐር ግሉ ለመጠገን አትሞክሪ። ቱቦ በልክ ተቆርጦ በባለሙያ እጅ ይገባል፤ ካጠረ ሞልዱን ይጎትተዋል፣ ከረዘመ መሣሪያው ከጆሮሽ ላይ ይንሸራተታል።

ወደ ባትሪው ልምጣ፣ ብሩ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ያንቺ ቁጥር 13 ነው፣ ተለጣፊው ብርቱካንማ። ቁጥር 675 ሰማያዊ፣ 312 ቡናማ፣ 10 ቢጫ ነው፤ ባለሱቁ ቁጥሩን ባያውቅ ቀለሙን አሳዪው። ይህ ባትሪ በአየር ነው የሚሠራው። ተለጣፊው ሥር ጥቃቅን ቀዳዳ አለው፣ ስትልጪው አየር ይገባና ባትሪው ይነቃል። ስለዚህ እንደላጥሽ አታስገቢው፣ ጠፍጣፋውን ገጽ ወደ ላይ አድርገሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና ቢያንስ 1 ደቂቃ፣ ብትታገሺ 5 ደቂቃ ጠብቂ። ሳትጠብቂ የገባ ባትሪ አቅሙ ሳይሞላ ሥራ ይጀምርና ቶሎ የደከመ ይመስልሻል። የመደመር ምልክቱ ያለበት ጠፍጣፋው ገጽ ነው፤ በተገላቢጦሽ ካስገባሽው በሩ አይዘጋም፣ በግድ አትጫኚው።

አንዴ የተላጠ ባትሪ ብትጠቀሚበትም ባትጠቀሚበትም እያለቀ ይሄዳል፣ ተለጣፊውን መልሶ መለጠፍ አያድነውም። ቀኑን ሙሉ ከዋለ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይቆያል። ሲያልቅ እንደ ፋኖስ እየደበዘዘ አይደለም፣ ጢን ጢን ብሎ ወዲያው ድርግም ይላል። ለዚህ ነው ለቁልቢ ገብርኤልም ሆነ ለቀብር ስትወጪ ሁለት ትርፍ ባትሪ ከነማሸጊያው ቦርሳሽ ውስጥ የሚያስፈልግሽ። የተፈታ ባትሪ ግን ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር አይቀመጥ፣ ብረት ሲነካው ይጨርሰዋል።

ሙቀት ስለሆነ ፍሪጅ ውስጥ ላስቀምጠው እንዳትዪ! ሲወጣ ላዩ ላይ ውሃ ያቋጥራል፣ ውሃው ቀዳዳውን ይዘጋል። ቤት ውስጥ ፀሐይ የማያገኘው ጥላ ቦታ ይበቃዋል። ከፊራ ወይም መጋላ ስትገዢ ደግሞ ጀርባው ላይ ያለውን የማብቂያ ቀን ልጆቹ ያንብቡልሽ። መጠኑ ስለተመሳሰለ ብቻ የሰዓት ባትሪ ቢሰጡሽ አትቀበዪ፤ ቀዳዳ የለውም፣ የመስሚያም ባትሪ አይደለም። ያለቀውንም ባትሪ ሕፃናት የማይደርሱበት ቦታ አድርጊ። አንዱ ልጅ ከዋጠ ወይም አፍንጫው ውስጥ ከከተተ እስኪወጣ አይጠበቅም፣ በዚያችው ደቂቃ ሐኪም ቤት ነው።

ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲያልፍ ላቡ ከጆሮሽ ጀርባ በቀጥታ መሣሪያው ላይ ይወርዳል። ላብ ጨው ነው፤ ባትሪው የሚያርፍበትን ቀጭን ብረት ይበላዋል። በሩን ስትከፍቺ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካየሽ እሱ ነው፣ በደረቅ የጆሮ ጥጥ ጥረጊው። (የዚያ ጥጥ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ለጆሮሽማ ኩኩን ወደ ውስጥ ከመግፋት በቀር ምንም አያደርግልሽ።) ቀን ላይ አንዴ አውልቀሽ መሣሪያውንም ከጆሮሽ ጀርባም በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ። ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ጨርቅ ከምንም ይሻላል፣ ለስላሳ ነው፣ ቃጫም አይተውም።

ማታ ባትሪውን አውጥተሽ፣ በሩን እንደተከፈተ ትተሽ፣ ክዳኑ ግጥም በሚል ብልቃጥ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር አሳድሪው። ሲሊካ ጄል አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኚው የከረጢት ጠጠር ነው፣ እርጥበት ይመጥጣል። «የድሬ አየር ደረቅ አይደል፣ ምን ያደርጋል?» ትዪ ይሆናል። እርጥበቱ ከአየሩ ሳይሆን ካንቺው ላብ ነው የመጣው። ባትሪው አብሮ እንዳያድር፣ ጠጠሩ የባትሪውንም ውሃ ይመጥጠዋል። የምልክልሽ ጠጠር ብርቱካንማ ነው፤ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ ጠግቧልና ንገሪኝ፣ ሌላ እልካለሁ። ሩዝ አይተካውም፣ ዱቄቱ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል። ብልቃጡንም ድመቷ ከማትደርስበት አድርጊው፤ እንስሳት የኩኩን ሽታ ይወዳሉ፣ ያኝኩታል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልቆጣሽ ልንገርሽ፣ ቅቤው። ፀጉርሽን ተቀቢ፣ ማን ይከለክልሻል? ግን ቅቤ ሲቀልጥ ወደ ጆሮ ጀርባ ይወርዳል፣ መሣሪያው ላይ ያሉትን የማይክሮፎን ቀዳዳዎች ይደፍናል፣ አቧራም ይይዛል። ቅቤ በተቀባሽበት ቀን መሣሪያው ብልቃጡ ውስጥ ይዋል። ሌላ ቀን ቅባቱም ሎሽኑም አስቀድሞ፣ እጅሽን ታጥበሽ አድርቀሽ፣ መስሚያው መጨረሻ ላይ ይገባል። ጸበል ስትረጪም አስቀድመሽ አውልቂው። ዕጣኑና ከሰሉ አጠገብ ባታስቀምጪው ደስ ይለኛል፣ ጥላሸቱ ቀዳዳው ላይ ያርፋል።

ነጠላሽን አጥብቀሽ ስትከናነቢ ቢያፏጭብሽ አልተበላሸም። ድምፁ ጨርቁ ላይ ነጥሮ ይመለሳል፤ ከጆሮሽ ላይ ትንሽ ላላ አድርጊው። ሳትከናነቢም የሚያፏጭ ከሆነ ሞልዱን በጣትሽ ጫን አድርጊው። ዝም ካለ በደንብ አልገባም ነበር። ዝም ካላለ ቱቦውን እዪ፣ ቱቦው ደህና ከሆነ የራስሽ ጆሮ ኩክ ሞልቶት ይሆናል፤ እሱን ሐኪም ያጸዳዋል፣ በፀጉር ሹካ አይሆንም። ሞልዱ የሚነካሽ ቦታ ከቀላ፣ ካቆሰለሽ ወይም ጆሮሽ ፈሳሽ ካወጣ መሣሪያውን አውልቀሽ ሐኪም ይይሽ፣ ተቻችዬ እለብሰዋለሁ አትበዪ።

ዓርብ በሚነሳው አውቶቡስ ትንሽ ካርቶን እልካለሁ። ጎማዋ፣ የሲሊካው ጠጠርና 4 ማሸጊያ ቁጥር 13 ባትሪ አለበት። እስከዚያ የግራውን መሣሪያ ጨብጠሽ ሞክሪና ቱቦው ተነቅሎ አፏጨ አላፏጨ ደውዪልኝ። የቀኙንም ቱቦ በብርሃን አስነሺና ፎቶውን ላኪ፤ ቢጫ ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እናስቀይራለን።

ልጅሽ