በየቀኑ ካልጻፍኩ ብለሽ አትጨነቂ

ልጄ፣

ብሎግ ልጀምር ነው ስትይኝ በጣም ደስ ብሎኛል። ወዲያው ያስከተልሽው ጥያቄም የሚገባ ጥያቄ ነው፤ በሳምንት ስንት ጊዜ ልጻፍ? በስልክ አውርተን የምንጨርሰው ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ነገር በተደራረበብሽ፣ ፈተና በደረሰብሽ፣ ጉንፋን በያዘሽ ሳምንት እንኳ መጻፍ የምትችይው ስንት ነው? ለአንባቢ ቃል የምትገቢው እሱን ያህል ብቻ ይሁን። በሳምንት አንዴ ከሆነ አንዴ። በወር ሁለቴ ከሆነም ሁለቴ። በደህናው ሳምንት የተረፈሽን ሁሉ አትለጥፊው፣ አስቀምጪው። ዎርድፕረስም ሆነ ብሎገር ጽሑፉን ዛሬ ጨርሰሽ በሌላ ቀን ራሱ እንዲወጣ ቀንና ሰዓት ቆርጠሽ እንድታስቀምጪ ይፈቅዱልሻል። ሁለት ሦስት ያለቁ ጽሑፎች ሁልጊዜም ስንቅ ይሁኑሽ።

ይህን የምልሽ ብዙ ብሎግ እንዴት እንደሚሞት ስላየሁ ነው። ነገሩ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ሰውየው በየቀኑ እጽፋለሁ ብሎ ይነሳል፣ ለጥቂት ሳምንት በእውነትም ይጽፋል፣ ከዚያ አንድ ቀን ያመልጠዋል፣ ያመለጠው ቀን ያሳፍረዋል፣ እፍረቱ ደግሞ ሌላ ቀን ያስቀርበታል፣ ከብዙ ዝምታ በኋላ «ይቅርታ ጠፍቼ ነበር፣ አሁን ግን በአዲስ ጉልበት ተመልሻለሁ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። የስንቱ ብሎግ የመጨረሻ ጽሑፍ ይህ ነው መሰለሽ! ስለዚህ ስትጠፊ (መጥፋትሽ አይቀርም) የይቅርታ ጽሑፍ አትጻፊ። ቀጥታ የሚቀጥለውን ለጥፊ። አንባቢሽ የሚፈልገው እሱን ነው።

በየቀኑ የሚጽፉ የሉም ወይ ትይኝ ይሆናል። አሉ። ስለ ገበያ ሥራ መጻሕፍት የሚጽፈው አሜሪካዊው ሴዝ ጎዲን ለብዙ ዓመታት ብሎጉ ላይ በየቀኑ ሲጽፍ ኖሯል፤ ግን ጽሑፎቹን ብታያቸው አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው፣ አንዳንዶቹ ከጥቂት ዓረፍተ ነገር አያልፉም። ልኩን ከጊዜው ጋር አስማምቶታል። ቲም አርባን ደግሞ በ2013 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) ዌት በት ዋይ የሚለውን ብሎግ የጀመረ ጊዜ አዘውትሮ ነበር የሚጽፈው፣ በኋላ ግን ጽሑፎቹ እየረዘሙ፣ በመካከላቸው ያለው ጊዜም እየሰፋ ሄደ። አንባቢው ጠበቀው። ጄሰን ኮትኪን ተመልከቺ፤ ከ1998 ጀምሮ ብሎግ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው፣ በ2022 ዕረፍት እፈልጋለሁ ብሎ በግልጽ ተናግሮ ለወራት አቆመና ተመለሰ። ዕረፍት እንደምትወስጂ አስቀድሞ መናገርና ድንገት መጥፋት በፍጹም አንድ አይደሉም።

ደግሞ አንባቢ በየቀኑ እየመጣ በርሽን አያንኳኳም። አርኤስኤስ የሚባለው ነገር ከ1999 ጀምሮ አለ፤ የምትወጃቸውን ብሎጎች አንድ መተግበሪያ ላይ ትመዘግቢያለሽ፣ አዲስ ነገር ሲወጣ እሱ ያመጣልሻል። በወር አንዴ ብትጽፊም ለተመዘገበው ሰው ይደርሰዋል። ከእነዚህ መተግበሪያዎች አንዱ የነበረው ጎግል ሪደር በጁላይ 2013 ሲዘጋ ብዙ ሰው ይህን ልማዱን ተወው፤ እኔ አሁንም ያሳዝነኛል። የአንባቢና የጸሐፊ ግንኙነት በአንድ ድርጅት አገልግሎት ላይ ብቻ ሲንጠለጠል እንዲህ ይሆናል። አንቺ አርኤስኤሱ መሥራቱን አረጋግጪ፣ ከእሱ በተጨማሪ ጽሑፉ በኢሜይል የሚላክበትን መንገድ ክፈቺ። የአንባቢዎችሽ አድራሻ በእጅሽ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ስንት ጊዜ ልጻፍ ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ ስንት ጊዜ ላንብብ ብለሽ ግን አልጠየቅሽኝም። እኔ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። ለብሎግ በሳምንት አራት ሰዓት ካለሽ ሁለቱን የሌሎችን ለማንበብ ስጪው። የምሬን ነው። ብቻቸውን የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያቆሙት ሐሳብ አልቆባቸው አይደለም፤ የሚመልስላቸው ሰው ስለሌለ ነው።

ማኅበረሰብ የሚባለው ነገር ከዚህ ነው የሚበቅለው። አንድ ሰው ጻፈ፣ አነበብሽው፣ አንድ ነጥቡ አላሳመነሽም፣ ወይም አንቺ የምታውቂውን አንድ ነገር አስታወሰሽ፤ በራስሽ ብሎግ ላይ መልስ ጻፊና ወደ እሱ ጽሑፍ ሊንክ አድርጊ። ያኔ ለቀጣዩ ጽሑፍሽ ርዕስ አገኘሽ፣ እሱም አንባቢ አገኘ፣ አንባቢዎቹም ወደ አንቺ መጡ። የድሮ ጦማርያን ይህን በደንብ ያውቁበት ነበር። ከገጻቸው ጎን የሚያነቧቸውን ብሎጎች ይዘረዝሩ ነበር። በ2002 ደግሞ ሙቨብል ታይፕ የተባለው የብሎግ ሶፍትዌር ትራክባክ የሚባል ነገር አመጣ፤ ስለ ጽሑፍሽ ሌላ ሰው ሲጽፍ ለአንቺ የሚያሳውቅ ነው። እሱን አጭበርባሪ ማስታወቂያ አጥለቀለቀውና ሰው ዘጋው። ከዚያ በ2017 ዌብሜንሽን የዓለም አቀፉ የዌብ ማኅበር የተቀበለው መመዘኛ ሆነ፣ ሥራው ተመሳሳይ ነው። ቴክኒኩ ይለዋወጣል፤ ለሰው ጽሑፍ ጊዜ ሰጥቶ መመለስ ግን ሁልጊዜም ይሠራል።

ኮመንት ስትጽፊ «ምርጥ ጽሑፍ» ብለሽ አትለፊ። የትኛው ክፍል እንደነካሽ ንገሪው፣ ወይም ጠይቂው። እባክሽ የራስሽን ሊንክ ሰው ኮመንት ሥር አትጣይ፤ ሰው በአንድ ዓይን ነው የሚያውቀው። «ኮመንት ስጪኝ፣ እኔም እሰጥሻለሁ» የሚባባሉ ቡድኖች ውስጥም አትግቢ። ሳያነቡ ይሞጋገሳሉ፣ ቁጥሩ ይጨምራል፣ የሚያነብሽ ግን አንድም አይኖርም። የምር የሚያነቡሽ አሥር ሰዎች ይበልጣሉ። እነዚያ አሥሩ ጽሑፍሽ ላይ ስህተት ሲያዩ በቅንነት ይነግሩሻል፣ ስትጠፊ በኢሜይል ደህና ነሽ ወይ ይሉሻል።

አንድ ላይ የሚደረግ ነገር ካገኘሽ ግን ግቢበት። ከ2006 ጀምሮ ብዙ ጦማርያን በኖቬምበር ወር በየቀኑ አንድ ጽሑፍ ለመለጠፍ ይስማሙ ነበር። በየቀኑ መጻፍን አልመክርም ብዬሽ ይህን መጥቀሴ ግራ ያጋባሽ ይሆናል፤ ግን ወሩ መጨረሻ አለው፣ ደግሞም ብቻሽን አይደለሽም። ዋጋው አብሮ መሆኑ ላይ ነው። ሠላሳ ጽሑፍ ጽፈሽ ሦስት አዲስ ወዳጅ ካፈራሽ ወሩ አልባከነም።

የኮመንት ሳጥኑ ላይ አጭበርባሪ ማስታወቂያ የሚያጣራውን አኪስሜትን ወይም መሰሉን ከመጀመሪያው ቀን አብሪ፤ አለዚያ ውሎሽ ማስታወቂያ ሲሰርዙ መዋል ይሆናል። የሚሰድብ ሰው ከመጣ ሰርዢው፣ ማስረዳት የለብሽም። የሚከራከርሽን ግን አትሰርዢ። ካናደደሽ በማግስቱ መልሺለት። የምትኖሪበትንና የምትውይበትን ቦታ ለይተሽ አትጻፊ፣ የጓደኛሽን ጉዳይም እሷ ሳትፈቅድ አታውጪ። ይህን እናት ስለሆንኩ ብቻ አይደለም የምልሽ፤ አንዴ የወጣ ጽሑፍ ብትሰርዢውም ቅጂው ሌላ ቦታ ሊቀር ይችላል።

የጎብኚ ቁጥር የሚያሳየውን ገጽ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ባትከፍችው ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ የሁሉም ሰው ትንሽ ነው። አንድን ነገር በደንብ የሚያስረዳ ጽሑፍ ከዓመታት በኋላም ቢሆን አንድ የቸገረው ሰው ጎግል ላይ ፈልጎ ሊያገኘው ይችላል፤ የዛሬው ቁጥር ያንን ሰው አያሳይሽም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር አድርጊልኝ። የመጀመሪያ ጽሑፍሽን ከመለጠፍሽ በፊት፣ አንቺ ልትጽፊበት ባሰብሽው ነገር ላይ የሚጽፉ አምስት ሰዎች ፈልገሽ አንብቢ፣ ለአንዱም የምር የሆነ መልስ ጻፊለት። ከዚያ የአንቺን ስትለጥፊ ሊንኩን ላኪልኝ። ያልገባኝ ነገር ካለ ኮመንት ላይ እጠይቅሻለሁ።

እናትሽ