በውጤት ወረቀታችሁ ላይ ስለሚጨመረው አዲስ መስመር

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ኮራል፣ ዛጎልና ሌላ የባሕር ካርቦኔት ለምርመራ የምትልኩልን ሁሉ፣ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በውጤት ወረቀታችሁ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል። የእናንተ ናሙና በተለካበት ቀን፣ በዚያው መሣሪያ የለካነው የማመሳከሪያ ናሙና፣ ማለትም ትክክለኛ ቁጥሩ አስቀድሞ የታወቀ ዱቄት፣ የሰጠው ቁጥር ነው። ከጎኑ መሆን የሚገባው ቁጥር ይጻፋል።

ብዙዎቻችሁ “ያው ዱቄት ሌላ ላብራቶሪ ሲገባ ለምን ሌላ ቁጥር ይወጣል?” ትሉናላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ይህንኑ ፈትሿል። 21 ላብራቶሪዎች የኮራል ስትሮንሺየም ከካልሲየም ጋር ያለውን ጥምርታ ለኩ። የአብዛኞቹ ውጤት ተቀራረበ። ዳርና ዳር የወጡት ግን ወደ ባሕር ሙቀት ሲቀየሩ እስከ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ይራራቁ ነበር!

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃው በሞቀ ቁጥር ኮራሉ የሚይዘው ስትሮንሺየም ይቀንሳል። ግን የአንድ ዲግሪ ለውጥ 0.06 ሚሊሞል በሞል ገደማ ብቻ ነው፤ ከጠቅላላው ጥምርታ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። መሣሪያው የሚስተካከልበት ፈሳሽ ሲዘጋጅ ስትሮንሺየሙ ከመቶ አንድ እጅ ቢዛባ፣ ባሕሩ ወረቀት ላይ ከአንድ ዲግሪ በላይ ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል። ደጋግሞ መለካት አያድንም። መሣሪያው ያንኑ የተሳሳተ ቁጥር ደጋግሞ ይሰጣችኋል። የሚያጋልጠው ቁጥሩ አስቀድሞ የታወቀ ዱቄት ነው።

ለኮራል ዋናው ማመሳከሪያችን የጃፓን ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ፖራይተስ ከሚባል የኮራል ዓይነት ያዘጋጀው ጄሲፒ-1 የተባለ ዱቄት ነው። በዚያው ጥናት የጸደቀለት ጥምርታ 8.838 ሚሊሞል በሞል ሲሆን፣ የእርግጠኝነቱ ወሰን 0.042 ወደ ላይም ወደ ታችም ነው። ይህ ወሰን 0.7 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ስለዚህ በሁለት ላብራቶሪዎች ውጤት መካከል የ0.2 ዲግሪ ልዩነት አይታችሁ ባሕሩ ተለወጠ አትበሉ። እዚሁ በአንድ ዙር በለካናቸው ናሙናዎች መካከል ያለው ልዩነት ግን ከዚህ የተሻለ ይታመናል።

ጄሲፒ-1 እንደልብ አይገኝም። ኮራል በዓለም አቀፉ የብርቅዬ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ስለሚጠበቅ፣ ድንበር ለማሻገር ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ በየቀኑ የምንለካው የራሳችንን ዱቄት ነው፤ እሱን በየጊዜው ከጄሲፒ-1 ጋር እናመሳክራለን። ለግዙፍ ዛጎል ጄሲቲ-1 የተባለ ማመሳከሪያ አለ። ለኦክስጅንና ለካርቦን አይሶቶፕ (ክብደታቸው ለሚለያይ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች) ልኬት ደግሞ ቪየና ያለው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ከካራራ እብነ በረድ ያዘጋጀውን አይኤኢኤ-603 የተባለ ማመሳከሪያ እንጠቀማለን።

አንድ ነገር ልብ በሉልን። ማመሳከሪያው የሚፈትሸው የእኛን ልኬት ነው። ከደናክል የጥንት ሪፎች (የኮራል ክምችቶች) ያመጣችሁት ኮራል፣ የተሠራበት አራጎናይት የተባለው ማዕድን በጊዜ ብዛት ካልሳይት ወደሚባል ሌላ ማዕድን ተለውጦ ከሆነ፣ ልኬቱ ትክክል ሆኖም የሙቀት ስሌቱ ያሳስታል። እንዲህ ያለውን ናሙና መጀመሪያ በኤክስሬይ እንመርምረው።

የሌላ ላብራቶሪ ውጤት ከእኛው ጋር ልታጣምሩ ካሰባችሁ፣ ማመሳከሪያው እዚያ ስንት እንደወጣ ጠይቁ። መልስ ካላገኛችሁ ሁለቱን በአንድ ግራፍ ላይ አታድርጓቸው። ጥናታችሁን ስታሳትሙም አዲሱን መስመር አብራችሁ አውጡት።

ለዚህ ተጨማሪ ዋጋ አንጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የላብራቶሪው ባልደረቦች